የአባትሽን ሥራ በስሙ ጥሪው
ለወዳጄ የልጅ ልጅ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣

ባለፈው ቅዳሜ በዕድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሰው «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቅሽ አጠገብሽ ቡና እየቀዳሁ ነበር። «ቢዝነስ ላይ ነው» አልሽና ፊትሽን አዞርሽ። አባትሽ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ፓርኪንግ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ሌሊቱን በብርድ ቆሞ አድሮ፣ ጠዋት ታናሽ ወንድምሽን ትምህርት ቤት አድርሶ ነው ጎኑን የሚያሳርፈው። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተቀይሜሽ አይደለም። እኔም ያንኑ ውሸት፣ ያውም በእጥፍ ዕድሜሽ ሆኜ ዋሽቻለሁና ነው።

ደግሞ አንቺን የመምከር ዕዳ አለብኝ። አያትሽ፣ አላህ ይርሐማት፣ እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ከእህት የቀረበች ወዳጄ ነበረች። ወዳጄ ከመሆኗ በፊት ግን አባቷ የአባቴን መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። ይህን ነግራሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ሰውን የሚያሳፍር ነገር ማውራት አትወድም ነበር። የማሳፈሩ ነገር ግን የእኔ እንጂ የእሷ አልነበረምና፣ እኔው ልንገርሽ። አማርኛ ማንበብ ያስተማረችሽ እሷ ናት፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

፩. የአባትሽን ሥራ በስሙ ጥሪው።

የመጣንበት አገር በሥራው እየተጠቀመ ሠራተኛውን ሲንቅ የኖረ አገር ነው። ሸማኔው የሠራውን ጥበብ ለብሰን ሸማኔውን እንሰድባለን። ሸክላ ሠሪዋ ባበጀችው ምጣድ ጋግረን፣ በድስቷ ወጥ ሠርተን፣ ልጇን ለልጃችን አናጭም። ማረሻችንን የሚቀጠቅጥልንን አንጥረኛ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልን ከማኅበር እናገለዋለን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ አገር የሚያደኸይ መሆኑ ስለገባቸው ነው። አዋጁ ወጣ፤ ንቀቱ ግን ከልባችን አልወጣም። አብሮን ተሳፍሮ እዚህ ድረስ መጣ።

እኔ በዲቪ ኮሎምበስ የገባሁት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ነርሲንግ ሆም ነበር፤ አረጋውያንን ማጠብ፣ ማልበስ፣ አልጋቸውን መቀየር። ለቤተሰቤ ስጽፍ «ሆስፒታል ተቀጥሬአለሁ» አልኩ። ከሰው መኪና አጠገብ ቆሜ የተነሣሁትን ፎቶ ላክሁላቸው። አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ሳለቅስ አያትሽ አገኘችኝ፤ እዚያው ልብስ እጥበት ትሠራ ነበር። ያን ጊዜ በደንብ አንተዋወቅም። «እትዬ፣ ሥራ እኮ ነው። የሚያስለቅስዎ ምኑ ነው?» አለችኝ። ቀና ብዬ ሳያት የእውነት አልገባትም። ለእሷ ሥራ ሥራ ነበር። ሥራን ነውር አድርጎ ያሳደገኝ የእኔ ቤት ነው።

«ቀን እስኪያልፍ ያባትህ ባሪያ ይግዛህ» የሚል ተረት ትልልቆቹ ሲሉ ሰምተሻል። እዚህ አገር ዝቅ ያለ ሥራ የያዘን ሰው ማጽናኛ አድርገውታል። ልጄ፣ ይህን ተረት ከአፍሽ አታስገቢ። ውስጡን ብታዪው ሰው ሰውን መግዛቱን ትክክል ያደርጋል፤ የሚያስቆጨው መገዛት ሳይሆን ተራው መገልበጡ ነው። በአገራችን ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የአባቴ አባት በሕይወት ሳለ ማለት ነው። ተረቱ ያን ዘመን እንደያዘ እስከዛሬ ይኖራል።

ስለዚህ ነገ ሲጠይቁሽ «አባቴ ፓርኪንግ ይሠራል» በይ። ስሙን የደበቅሽለትን ሥራ ዋጋውን ልትጠይቂለት አትችዪም። ሠራተኞች በሥራቸው ሲያፍሩ የሚጠቀመው ቀጣሪው ነው፤ ያፈረ ሰው ደመወዝ ጨምሩልኝ አይልም።

፪. ደረጃ በወረቀት ይሰጣል፣ በወረቀት ይሻራል፤ ልጅ ላይ ግን ተርፎ ይቆያል።

አባቴ ወሎ ውስጥ፣ ቃሉ፣ መሬት ነበረው። የምንኖረው ግን ደሴ ነው። ቅድመ አያትሽ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፤ ሲወቃ ምርቱ እኩል ይከፈላል። ግማሹ በአህያ ተጭኖ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። እኔ ሕፃን ሆኜ «እሜቴ» ይለኝ ነበር፤ አባቴ ደግሞ በዕድሜ የሚበልጠውን ያን ሰው «አንተ» ይለዋል። ማንም ጆሮውን አይቆረቁረውም ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ድርቅ ሆነ። ደሴ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ። በመንገድ ዳር የወደቁ ሰዎች አይተን እንሄዳለን፤ ማታ እቤታችን እንጀራ አለ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ያን የወሎ ረሃብ መረመረው። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ ሰው ያለቀው መግዣ አጥቶ ነው። እህሉ ከአጠገቡ እያለ መግዛት የማይችል ሰው ይሞታል ማለት ነው። ይህን ሳነብ የታየኝ የእኛ ጎተራ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ታወጀ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደነገገ። ከዘመን በፊት የነበረ የሚመስለን ነገር በአንድ ቀን ተገለበጠ። አባቴ አለቀሰ። ቅድመ አያትሽ፣ አያትሽ እንደነገረችኝ፣ ማሳው ላይ ወጥቶ ቁጭ ብሎ ዋለ።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያልቅ እኩል በሆንን ነበር። ግን አላለቀም። አያትሽ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ትልቅ ሴት ከሆነች በኋላ ነው። እኔ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ችዬ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ኮሎምበስ ውስጥ፣ ከአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ እኔ የረዳት ነርስነቱን ፈተና አልፌ ደመወዜ ሲጨምር እሷ እስክትጦር ድረስ ልብስ እጥበት ቀረች። ከእኔ ይልቅ ብልህ ነበረች፤ ሂሳብ በቃሏ ትሠራለች። የበለጥኳት አባቷ ባረሰው እህል ተምሬ ነው። ይህ እውነት እስኪገባኝ ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ እስከዚያ ድረስ «ጎበዝ ስለሆንኩ ነው» እል ነበር።

«ማንም ሳይረዳኝ በጥረቴ ነው እዚህ የደረስኩት» የሚል ሰው ሲገጥምሽ፣ ጥረቱን አትናቂበት፤ ግን ከሥሩ የማን ላብ እንዳለ ጠይቂ። ነገ አንቺም ስትወጪ ራስሽን እንዲሁ ጠይቂ።

፫. የምትኖሪበትን ከተማ ካርታ አንብቢ።

እኛ አገር ደረጃ በዘር ቆጠራና በአጠራር ይታወቃል። እዚህ አገር ሁሉም በስሙ ይጠራራል፤ ዳኛውም ጽዳት ሠራተኛውም «ሃይ» ይባባላሉ። በዚህ አትታለዪ። እዚህ ደረጃው ያለው መንገዱ ላይ ነው።

አንድ ቀን ከመሃል ከተማ ተነሥተሽ በኢስት ሜይን ጎዳና በአውቶቡስ ወደ ምሥራቅ ሂጂ። መጀመሪያ ኒር ኢስት ሳይድን ታልፊያለሽ፤ የተዘጉ ሱቆች፣ ባዶ ቦታዎች ታያለሽ። አለም ክሪክ የምትባለውን ወንዝ ስትሻገሪ ቤክስሊ ትገቢያለሽ። ጥላ የሚሰጡ ትልልቅ ዛፎች፣ የድንጋይ ቤቶች፣ ካፒታል ዩኒቨርሲቲ፤ የአገረ ገዥው መኖሪያ ያለውም እዚያ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ ደግሞ ዋይትሆል ጋ የእኛ ሰዎች የሚከራዩባቸው አፓርታማዎች ይጀምራሉ። ቤክስሊ በኮሎምበስ ተከባ የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ትምህርት ቤቶች ያሏት ከተማ ናት። ወንዟን ሕፃን ልጅ ድንጋይ ወርውሮ ያሻግራታል፤ ሰው ግን በሕይወቱ አይሻገራትም።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እንደ አፐር አርሊንግተን ባሉ ሰፈሮች ቤት ሲሸጥ ለጥቁር እንዳይተላለፍ የሚከለክል ውል በሰነዱ ላይ ይጻፍ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት አይፈጸምም ያለው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ በቤት ሽያጭና ኪራይ ማዳላትን የሚከለክለው ሕግ የወጣውም በ1968። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተመለሱ ጥቁር ወታደሮች ቤት የተሠራበት ሃንፎርድ ቪሌጅ የሚባል ሰፈር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አውራ ጎዳና 70 ለሁለት ሰንጥቆት አለፈ። ጠዋት ወደ ሥራ የምትበሪበት መንገድ የሰው ቤት የነበረበት ነው።

የትምህርት ቤቱንም ነገር እወቂ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዳኛ ሮበርት ዳንከን የኮሎምበስ ትምህርት ቤቶች ሆን ተብሎ በዘር ተከፋፍለው ተገኝተዋል ብለው ፈረዱ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1979 አጸናው። ብዙ የቻለ ሰው ልጁን ይዞ ወደ ዳር ከተሞች ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ኮሎምበስ ወደ ራሷ የጠቀለለቻቸው ብዙ ሰፈሮች ልጆች በዳር ከተሞቹ ትምህርት ቤት እንዲቀጥሉ ስምምነት ተደረገ። ስለዚህ ሁለት ቤቶች ሁለቱም «ኮሎምበስ» የሚል አድራሻ ይዘው ልጆቻቸው የተለያየ የትምህርት ወረዳ ሊገቡ ይችላሉ። የትምህርት ቤቱ በጀት ደግሞ ትልቅ ክፍሉ ከቤት ግብር ይመጣል፤ ቤቱ ውድ በሆነበት ትምህርት ቤቱ ሀብታም ነው። የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዲሮልፍ በተባለው ክስ ይህን አሠራር ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ያለው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር። ፍርዱን በየጊዜው ደጋገመው፤ ልዩነቱ ግን እስከዛሬ አልጠፋም።

ውጤቱን የሚያሳይ ቁጥር ልስጥሽ። ራጅ ቼቲ የተባለው ኢኮኖሚስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳወጡት ጥናት፣ በኮሎምበስ አካባቢ ከታችኛው አንድ አምስተኛ የገቢ ደረጃ ቤት ከተወለዱ 100 ልጆች ወደ ላይኛው አንድ አምስተኛ የወጡት 5 ያህሉ ናቸው። ሳን ሆዜ ካሊፎርኒያ 13 ይሆናሉ። ልጆቹ አንድ ዓይነት ልጆች ናቸው፤ የተለየው የበቀሉበት መሬት ነው። ቤት ስትከራዪ ወይም ስትገዪ ከወጥ ቤቱ በፊት የትምህርት ወረዳውን ጠይቂ ብዬ የምወተውተው ለዚህ ነው።

፬. ከአንቺ በፊት የተገፋን ሰው አትናቂ።

የእኛ ሰው ሲሰባሰብ «እነዚህ ጥቁር አሜሪካውያን አገራቸው ሆኖ ሳለ ለምን አይሠሩም?» ሲል ትሰሚያለሽ። አባቴ ስለ ጭሰኞቹ እንዲሁ ይል ነበር። «ሰነፎች ናቸው» ይላል፤ ግማሹን ምርት ተረክቦ።

ከላይ የነገርኩሽን ካርታ አስቢው። ቤቱን እንዳይገዛ የተከለከለ፣ የገዛውን መንገድ የጠረገበት ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ከየት ያመጣል? ደግሞም የገባንበትን በር ማን እንደከፈተው አትርሺ። ከአፍሪካ የሚመጣን ሰው ከሞላ ጎደል የሚያግደው የድሮው የዘር ኮታ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ያ ሕግ የወጣው ጥቁር አሜሪካውያን ደማቸውን አፍስሰው የእኩልነት ሕጎችን ባስገኙባቸው ዓመታት ነው። እኛ የተቀመጥንበት ወንበር ላይ እነሱ ተደብድበውበታል። ዝም ብለሽ አትስሚ፤ በእርጋታ መልሺ።

፭. የዛሬ ደመወዝ ወጣትነትሽን እንዳይበላብሽ።

አሁን ግሮቭፖርት ዌርሃውስ እየሠራሽ ነው፤ «ገንዘቡ ጥሩ ነው፣ ትምህርቱ የት ይሄዳል?» ብለሽኛል። እውነት ነው፣ ሲያዩት ጥሩ ነው። የኦሃዮ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2025 10 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነበር። በሰዓት 20 ዶላር ቢከፍሉሽ በዓመት 41,600 ዶላር ይሆናል፤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ትልቅ ነው። ነገር ግን አጠገብሽ ያለችውን የአርባ አምስት ዓመት ሴት ስንት እንደሚከፍሏት ጠይቂያት። ብዙም አይበልጥሽም። ጉልበቷ ግን አልቋል። ዌርሃውስ ገቢውን የሚሰጥሽ በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ትምህርት ዘግይቶ ነው የሚሰጠው፤ ከሰጠ በኋላ ግን ማንም አይወስድብሽም። እኔና አያትሽ የተለያየነው በዚህ ብቻ ነው፤ የሷን ታሪክ አትድገሚው።

መንገዱን ላሳይሽ። አንቺ የጨረስሽው በኮሎምበስ ከተማ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ተመራቂዎች ጀምሮ ኮሎምበስ ፕሮሚስ የሚባል ዕድል አለ፤ በኮሎምበስ ስቴት ኮሌጅ እስከ ስድስት ሴሚስተር የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፣ በየሴሚስተሩም 500 ዶላር ለራስሽ ይሰጥሻል። ቀነ ገደብ አለውና ሰኞ ጠዋት ደውዪ። ከዚያ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሻገር ይቻላል። ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ ሙዪ፤ በነፃ ነው፣ ለሚሞላልሽ ሰው ገንዘብ አትክፈዪ። በእሱ በኩል የሚገኘው ፔል ግራንት እ.ኤ.አ. በ2025 የትምህርት ዘመን በዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርስ ነበር። አባትሽ «ወለድ ያለበት ነገር አንነካም» እንዳለ ነግረሽኛል፤ አከብረዋለሁ። ፔል ግራንት ግን ብድር አይደለም፣ አይመለስም፣ ወለድም የለውም። ይህን ባለማወቅ ብቻ ልጆቻቸውን ያስቀሩ ቤተሰቦች አውቃለሁ።

ለወንድምሽም ንገሪው፤ ኦሃዮ ውስጥ ኮሌጅ ክሬዲት ፕላስ የሚባል አለ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ብቁ የሆነ ተማሪ ገና ትምህርት ቤት ሳለ የኮሌጅ ኮርስ በነፃ ይወስዳል። የሀብታም ሰፈር ወላጆች ይህን ልጁ ስድስተኛ ክፍል ሳለ ያውቁታል። እኛ ልጁ ከተመረቀ በኋላ እንሰማለን። ድህነት ግማሹ ዘግይቶ መስማት ነው።

፮. ደመወዝና ሀብት ሁለት ነገር ናቸው።

ደመወዝ እንደ ወራጅ ውሃ ነው፤ ሀብት ደግሞ ገንዳው። ሥራ ያጣሽ ዕለት፣ የታመምሽ ዕለት፣ ውሃው ይቆማል፤ የሚያጠጣሽ ገንዳው ነው። በወር የሚከፈል ትልቅ መኪና የገዛ ልጅ ሲያልፍ ሀብታም ይመስልሻል፤ ሁለት ወር ሥራ ቢያጣ መኪናው ይወሰዳል። ለአንድ ቀን ሠርግ የአምስት ዓመት ቁጠባውን ያፈሰሰ ሰውም አይቻለሁ። እንደ እኔ ያሉ ባላባቶች ልማድ ነው፤ ደግሰን እንጂ ሠርተን መታየት አናውቅም ነበር።

ዕቁብ ግቢ። ዕቁብ ወለድ የሌለው፣ በመተማመን ብቻ የቆመ የድሃ ባንክ ነው፤ እዚህ ከተማ ስንቱ የእኛ ሰው ቤት የገዛው፣ ታክሲ ያወጣው በዕቁብ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር እወቂ። አንደኛ፣ ዕቁብ ዓሥር ዓመት በታማኝነት ብትከፍዪ የክሬዲት ታሪክሽ ላይ አንድ መስመር አይጻፍም። ስለዚህ ከዕቁቡ ጎን የክሬዲት ካርድ አውጪ፤ ትንሽ ነገር ግዢበት፣ ወሩ ሳያልቅ ሙሉውን ክፈዪ፤ እንዲህ ከሆነ ወለድ አይነካሽም። ሁለተኛ፣ ቤት ለመግዛት ስትሄጂ አበዳሪው የቅርብ ወራት የባንክ መግለጫ ይጠይቃል፤ በድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ካየ «ከየት መጣ?» ይላል። ዕቁብ ሲደርስሽ ሳትቆዪ ባንክ አስገቢው፤ የዕቁቡን መዝገብም ያዢ። ቤት ያለ ወለድ በሽርክና የሚያስገዙ የሙስሊም የፋይናንስ ተቋማትም አሉና ከአባትሽ ጋር ሆናችሁ አጣሩ።

፯. ከሰፈርሽ ውጭ ያለ ሰው እወቂ።

እ.ኤ.አ. በ2022 እነዚያው ቼቲና ባልደረቦቹ በፌስቡክ ላይ ያለውን 21 ቢሊዮን ወዳጅነት መርምረው አንድ ነገር አገኙ። ደሃ ልጅ ወደ ላይ መውጣቱን ካጠኗቸው ነገሮች ሁሉ አጥብቆ የሚያመለክት ሆኖ የተገኘው፣ ደሃና ሀብታም በአንድ ቦታ ወዳጅ መሆናቸው ነው። ገንዘብ ስለሚሰጡት አይደለም። ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ የትኛው ኮርስ የት እንደሚያደርስ፣ እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ራሱ የሚሰማው ከሰው ስለሆነ ነው።

እኛ ደግሞ ይህን በእጃችን ይዘነዋል። ዕድራችን ውስጥ ሐኪሙም፣ ታክሲ ነጂውም፣ ልብስ አጣቢዋም እኩል መዋጮ ይከፍላሉ፤ ሲሞቱ እኩል ይቀበራሉ። አያትሽን የቀበርናት ሁላችንም ነን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እንደ ወሏችን። ችግራችን ከቀብር በኋላ ነው። ቡናው ሲመጣ ሐኪሞቹ በአንድ ጠረጴዛ፣ ፓርኪንግ ሠራተኞቹ በሌላው ይቀመጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ ስለ አባትሽ ሥራ የጠየቀሽ ሰው ፋርማሲስት ነው። ዕድሩ ላይ ያየውን ወጣት ሁሉ ያናግራል፤ ቀጥሎ «ትምህርትሽንስ የት ልትቀጥዪ ነው?» ሊልሽ ነበር። አንቺ ሄድሽ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሄደሽ ሰላም በዪው፤ የአባትሽን ሥራ ንገሪው፤ የምትፈልጊውን ጠይቂው። መጠየቅ ልመና አይደለም። ሐኪሞቹም በጊዜያቸው ጠይቀው ነው የደረሱት።

፰. ሰው ስትጠሪ ምን እያልሽ እንደሆነ እወቂ።

ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄደሽ ስትመለሺ ስለ አክስትሽ ቤት አጫወትሽኝ። ቡና የምታፈላው፣ ልብስሽን የምታጥበው ልጅ በአንቺ ዕድሜ ናት። ስሟን ስጠይቅሽ «ልጅቷ» አልሽኝ። ሁለት ወር አብረሻት ኖረሽ ስሟን አታውቂም።

ልጄ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ከታች ሆነን አዲስ አበባ ስንደርስ ከላይ እንሆናለን። ዶላሩ በአንድ ቀን ባላባት ያደርገናል። ያቺ ልጅ ከገጠር ናት፤ አሥር ዓመት ባልሞላት ጊዜ ከትምህርት ቤት የወጣች ልትሆን ትችላለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳ የግል ቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ውጭ ነው የተወው፤ የሥራ ሰዓቷ፣ ዕረፍቷ በአክስትሽ ደግነት ላይ ነው። አያትሽ በዚያ ዕድሜዋ ማን እንደነበረች ማወቅ ከፈለግሽ እሷን እያት።

አያትሽ እኔን «እትዬ» ስትለኝ ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ሰማኋት። አንድ ደመወዝ አከፋፋይ ያለን፣ አንድ አውቶቡስ የምንጠብቅ፣ አንድ ዓይነት ጫማ የምናደርግ ሁለት ሴቶች ሆነን፣ አንዷ ሌላዋን እንደ እመቤት ትጠራት ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ነገሬ ሁሉ ተወስዶ የቀረኝ እሱ ነበራ። በኋላ አፍሬ «ስሜን ጥሪኝ» ስላት «አፌ አይለምድልኝም» አለችኝ። ሦስት ዓመት ፈጀብን። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ የጠራችኝ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ስነቃ ነው፤ ሾርባ ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ በፊት የተሰጠኝ ማዕረግ ሁሉ ያን አንድ ጥሪ አያህልም።

አሁን ወደ አክስትሽ ስትደውዪ የልጅቷን ስም ጠይቂ። ስትሄጂም በስሟ ጥሪያት። የማታ ትምህርት እንድትማር ከዌርሃውስ ደመወዝሽ ትንሽ ቆርጠሽ ብትልኪላት ለአያትሽ ሶደቃ ይሆንላታል።

፱. የወጣሽበትን መሰላል አቁመሽ ሂጂ።

እዚህ ከተማ ኢትዮጵያን ተዋሕዶ ሶሻል ሰርቪስስ የሚባል ድርጅት አለ፤ ለስደተኛ ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ የጥናት ድጋፍ ይሰጣል። ኮሌጅ ስትገቢ ከሳምንትሽ ሁለት ሰዓት ስጪና አንድ ሕፃን ሂሳብ አስጠኚ። ፋፍሳውን የሞላሽ ዕለት ደግሞ አብሮሽ ዌርሃውስ ለሚሠራ አንድ ልጅ አሳዪው። አንቺ ያወቅሽው ዘግይተሽ ከሆነ፣ ሌላው እንዳይዘገይበት ማድረግ ያንቺ ድርሻ ነው።

ግን ልጅን አንድ በአንድ ማውጣት ብቻውን እንደማይበቃም እወቂ። ከ100ው 5 መሆንሽ ደስ ይለኛል፤ ዘጠና አምስቱ እዚያ አለመድረሳቸው ግን ልክ አይደለም። ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ትምህርት ቤት ግብር፣ ስለ ቤት ኪራይ ድምፅ ሲሰጥ ዜግነት ያለሽ አንቺ ነሽ፤ ሂጂና ምረጪ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የኮሎምበስ ሰው በኢስት ሜይን ጭምር ፈጣን አውቶቡስ እንዲዘረጋ ግብር ጨምሮ ድምፅ ሰጥቷል። መኪና የሌላት እናት ሥራዋ ላይ በሰዓቱ የምትደርሰው እንዲህ ባለ ቀን ወጥቶ በመረጠ ሰው ነው።

ደረጃን ያህል ነገር በአንድ ወረቀት ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን፣ በሰው አፍና በሰው ልብ ያለውን፣ ወረቀት አይጥለውም። እሱን መጣል እኔና አያትሽ በሦስት ዓመት፣ በአንድ ስም ጀመርነው። አንቺ ቀጥዪው።

እንግዲህ እንደ አገራችን ልመርቅሽ፤ እጅሽን ዘርጊና አሚን በይ። ዕውቀትሽን የሚያልቅ አያድርገው። የእጅሽን ሥራ የሚያሳፍር አያድርገው። የምትገቢበትን በር ከኋላሽ አያዝጋሽ። ከፍ ስትዪ ዓይንሽን ከታች ካለው ሰው አይጋርድብሽ። የአባትሽን ጉልበት ያጽናለት፣ ዋጋውንም በአንቺ ያሳየው። አያትሽን ነፍሷን በጀነት ያኑርልን።

ቅዳሜ ስንገናኝ የልጅቷን ስም ትነግሪኛለሽ።